አድራሻ ያላት አረፋ

ከአሞራ ገደል ማልዶ፣ ጀልባውን ለወንድሙ ጥሎ፣
አባቴ ሃንካርሶ መጣ፣ የዓሣውን ሽታ አዝሎ።
በጀርባው አስተኛሁት፤ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቤ
ቀዝቃዛውን ጄል ቀባሁት፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ አስቤ።
«ይኼስ እንደ አምባዛ ቆዳ ያሙለጨልጫል!» ብሎ ሳቀ።
እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ሳቁ ከእኔ ራቀ።

ጉበቱ፣ ጨረቃ የሌላት ሌሊት ሐይቃችንን መስሎ፣
አንድ ጥቁር ነገር መሐሉ፣ እንደ ሰጠመ ጀልባ ተንጋሎ።
ለካሁት፤ ሦስት ሴንቲ ከግማሽ።
ደግሜ ለካሁት። ሦስት ሴንቲ ከግማሽ።

የስንቱን ሆድ አይቼ፣ የመንታ ልብ ሲመታ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብያለሁ፤
የአባቴ ጊዜ ቃል አጣሁ፤ «አለቀ፣ ተነሥ» ብዬ ዋሽቻለሁ።

መድኃኒቱ ተጀመረ፤ በክንዱ ጠብ ጠብ አለ፤
አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ በየቤቱ ዋለ።
የጥፍሩን በር አንኳኳ፤ ጥፍሩ ጠቆረ።
የጸጉሩን አንኳኳ፤ ጸጉሩ ትራስ ላይ ቀረ።
ምላሱን አንኳኳ፤ የሚወደው ቆሮሶ ጭቃ ጭቃ አለው።
ጉበቱንስ? እንጃ። ደርሶት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈው።

«ይኼ መረብ ነው» አለ አንድ ማታ፣ ጥቁር ጥፍሩን እያየ፣
«ጫጩቱን ከእናቱ፣ ቅጠሉን ከጫማ ያልለየ።
አንድ ዓሣ ለሚፈልግ ሰው፣ ሐይቁን ሁሉ ምን አስጠረገው?
መንጠቆ የላችሁም ወይ? መንጠቆ ነው እኔ የምፈልገው።»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ አንድ የተረኛ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲያጓራ፣
ስልኬ ላይ አንድ ጥናት አነበብኩ፣ ስለ አረፋ የሚያወራ።
ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄድኩ። አባ ኮዳዎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ፣
አባቴ የተገለበጠ ጀልባ ላይ፣ እጆቹ መረብ እየናፈቁ።

«አባ፣ አንዲት አረፋ አለች።»
«አረፋ?» አለ። «አረፋ ይፈነዳል እንጂ ምን ይሸከማል?»
«እሱ እኮ ነው ሥራዋ፤ መፈንዳቷ ይጠቅማል።

ልብሷ ስስ ስብ ነው፤ ሆዷ የተሞላ በአየር፤
ሺህ ቢሰለፉ እንኳ አይሞሉም የጥፍርህን ድንበር።
ትከሻዋ ላይ የብረት ትቢያ፣ ጀርባዋ ላይ መድኃኒት አዝላ፣
አንዳንዴም ከዘረመል አንዲት ቃል፣ ሕዋሱን ‹ተመለስ› ብላ፣
በደም ወንዝ ትነዳለች። እኛ ማግኔት ይዘን፣ ከውጭ፣ ከጎንህ፣
እንጠራታለን፤ ብረቷ ይሰማል፤ ትቆማለች ከበርህ።
ያኔ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ ያን ቀን ባየሁህ ድምፅ፣ እንነካታለን፤
ትርገበገባለች፣ ታብጣለች፣ ትኮማተራለች፤ እናፈነዳታለን።
የደም ሥሩ ግድግዳ ለአፍታ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤
መድኃኒቱ ይገባል። ጥፍርህን ማን ይፈልጋል?»

ዝም አለ። ከሸምበቆው ሥር ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል አይቶ፣
«አምባዛ ነው» አለኝ በጣቱ፣ «ጭቃ ውስጥ ተኝቶ።
እኛ በአረፋው ነው ቦታውን የምናውቅ፣ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ፤
ያንቺዋ ደግሞ ቦታ አውቃ ትወርዳለች፤ ጉድ መጣ!»

ትንሽ ቆይቶ፦ «መቼ ነው ሐዋሳ የምትገባው?»
«ገና አይጥ ላይ ነው፣ አባ። ገና አይጥ ላይ።»
«የታደለች አይጥ» አለ፣
ዓይኑ ሐይቁ ላይ።

በቀጠሮው ቀን ሸሚዙን ስገልጥ፣ ከጎድኑ ግርጌ፣
በሻሽ የታሰረ ነገር አገኘሁ፤ አየሁት ጠጋ አድርጌ።
ከተሰበረ ሬዲዮኑ ፈልቅቆ ያወጣው ማግኔት፤
ክብ፣ ጥቁር፣ ከቆዳው ጋር የሞቀ ብረት።

«ምንድነው፣ አባ?»
«ምናልባት ከመጣች» አለ፣ ኮርኒሱን እያየ፣ «በሩ እንዳይጠፋት ብዬ።»

አላወጣሁትም። ትንሽ ገፋ አድርጌ፣
ጄሉን በመዳፌ አሙቄ ቀባሁት፣ ቀስ ብዬ፣
ለካሁ።